ብረት በሞላበት አፈር ላይ ሣር ለምን ይገረጣል?

ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲያችን የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ



ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ስለ ግቢ ሣር ነው። ርእሱ ለእንዲህ ያለ መድረክ የቀለለ መስሎ እንደሚታይ አውቃለሁ። ገበሬው ስለ እህል በሚጨነቅበት አገር ስለ ሣር ማማር ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ቢኖር አልቀየመውም። ይሁን እንጂ አንድ ስሕተት በሃምሳ ካሬ ሜትር ሣር ላይ ሲፈጸም የሚያስከፍለው ጥቂት ብርና ጥቂት ኀፍረት ነው፤ ያው ስሕተት በገበሬ ማሳ ላይ ሲፈጸም ግን የሚያስከፍለው የቤተሰብ ቀለብ ነው። እኔ ስሕተቱን አስቀድሜ በሣር ላይ በመሥራቴ ዕድለኛ ነኝ።

ነገሩ የሆነው ሸርቆሌ ነው። ሸርቆሌ ከአሶሳ ከተማ ወደ ሱዳን ድንበር ሲኬድ የሚገኝ የአሶሳ ዞን ወረዳ ነው፤ ስሙ በይበልጥ የሚነሣውም እ.ኤ.አ. በ1997 ከተከፈተው የስደተኞች መጠለያ ጋር ነው። ለሥራ እዚያ በቆየሁበት ጊዜ ያረፍኩበት ግቢ ፊት ለፊቱ ሰርዶ ተተክሎበት ነበር። ክረምቱ ገብቶ፣ ዝናቡ ሳይጓደል፣ ከአጥር ውጪ ያለው ሣር ሁሉ ሲለመልም የግቢው ሰርዶ ገርጥቶ ቀረ። የአፈር ትምህርት የተማርኩ ሰው በመሆኔ ዐይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

እኔም መልሱን የማውቅ መሰለኝ። ብረት ሣርን እንደሚያጠቁር በመጽሐፍ አንብቤ ነበርና ፌረስ ሰልፌት ገዝቼ በውኃ በጥብጬ ረጨሁ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሣሩ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሆነ፤ ምስጋናውንም ተቀበልኩ። ወሩ ሳይሞላ ግን ሣሩ ወደ ቀድሞ ቢጫነቱ ተመለሰ። የቀረልኝ ነገር ቢኖር በሲሚንቶው መተላለፊያ ላይ የወረደው የዝገት ቀለም ነበር፤ እሱም በብሩሽ ቢፈተግ የሚለቅ አልሆነም።

ያን ጊዜ የግቢው ምግብ አብሳይ የነበሩት እናት ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ መድኃኒቱን ከሩቅ ከምታመጣ፣ አመድ የምደፋበትን ቦታ አይተኸዋል?» አሉኝ። አላየሁትም ነበር። ከማድ ቤቱ ኋላ፣ አመድና የዕቃ እጣቢ በሚደፋበት ዳር፣ ያው ሰርዶ እስከ ጉልበት ደርሶ ለምልሟል። የዛሬው ንግግሬ የጀመረው እዚያ ቦታ ላይ ቆሜ ነው።

በመጀመሪያ ብረት በተክል ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንመልከት። ብረት የክሎሮፊል አካል የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ አይደለም። በክሎሮፊል እምብርት ላይ የተቀመጠው ማግኒዥየም ነው። ብረት የሚያስፈልገው ክሎሮፊል በሚሠራበት ሂደት ውስጥና የብርሃን ኃይል ከአንዱ ወደ ሌላው በሚተላለፍበት ሰንሰለት ላይ ነው። ስለዚህ ብረት ሲጎድል ቅጠል ይገረጣል። ይህን በግልጽ ያሳየው ፈረንሳዊው ዩዜብ ግሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ የገረጡ ተክሎችን የብረት ጨው በመስጠት ወደ አረንጓዴነት መልሷቸዋል። የእኔ መጽሐፍ ያልዋሸው እስከዚህ ድረስ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ብረቱ ከወዴት ጠፋ የሚለው ነው። ብረት ከመሬት ቅርፊት ክብደት አምስት በመቶ ያህሉን የሚይዝ፣ በብዛቱ አራተኛ የሆነ ንጥረ ነገር ነው። ከዓለም አፈሮች መካከል ብረት ፈጽሞ የሌለበትን ማግኘት ይከብዳል። እጥረት የሚባለው ነገር የሚፈጠረው ብረቱ ሳይኖር ቀርቶ ሳይሆን ሳይሟሟ ሲቀር ነው። አየር በሚያገኝ አፈር ውስጥ ብረት ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ እንደ ዝገት ይጠጥራል፤ የአፈሩ ፒኤች በአንድ ነጥብ ከፍ ባለ ቁጥር የዚህ ብረት የመሟሟት ዐቅም በሺህ እጥፍ ይቀንሳል። ፒኤች 8 በሆነ ኖራማ አፈር ላይ የበቀለ ተክል በብረት መካከል ቆሞ ብረት ይራባል።

ሣሮች ለዚህ ችግር የራሳቸው ብልሃት አላቸው። ባቄላና ቲማቲም የመሳሰሉት ተክሎች በሥራቸው ዙሪያ ያለውን አፈር አሲዳማ እያደረጉ ብረቱን ያሟሙታል። የሣር ወገኖች፣ ማለትም ገብስ፣ ስንዴ፣ ማሽላና ሰርዶም ጭምር፣ ከሥራቸው ብረትን አቅፎ የሚይዝ ውህድ ያመነጫሉ፤ ውህዱ ከብረቱ ጋር እንደ ተያያዘ ተመልሶ በሥር ይገባል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የገለጠው ጃፓናዊው ታካጊ ነው። በገብስ ላይ በተደረገው ጥናት ሥሩ ውህዱን በብዛት የሚለቀው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ሣር ብረት ፍለጋ ላይ ደካማ ፍጥረት አይደለም።

አሁን ወደ ሸርቆሌና ወደ አሶሳ አካባቢ እንመለስ። ከአሶሳ የመጣችሁ ተማሪዎች ጫማችሁን ያቀላውን አፈር ታውቁታላችሁ። ያ ቅላት ራሱ ብረት ነው፤ ቀዩ ሄማታይት ይባላል፣ ወደ ቢጫና ቡናማ የሚያደላው ጎታይት ነው። ለዘመናት የዘነበው ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን አጥቦ ወስዶ ብረቱንና አሉሚኒየሙን አስቀርቷል። በዚህ ምክንያት የአካባቢው ቀይ አፈር በአመዛኙ አሲዳማ ነው። በአሲዳማ አፈር ላይ ደግሞ ብረት እንደ ልብ ይሟሟል። በዚያ ላይ ብረት መጨመር ለጣና ውኃ እንደ መቅዳት ነው።

ጉዳቱ ግን በከንቱ ድካም ብቻ አያበቃም። ፌረስ ሰልፌት አፈር ላይ ሲያርፍ ብረቱ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ይዝጋል፤ እያንዳንዱ የብረት አዮን ሲዝግ ሁለት የሃይድሮጂን አዮኖችን ይለቃል። ይህም አሲድ ነው። አስቀድሞ በአሲድ የተጎዳውን አፈር የበለጠ አሲዳማ እናደርገዋለን ማለት ነው። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የሥርን ጫፍ ይመርዛል። ሁለተኛው ጉዳት ፎስፈረስን ይመለከታል። በቀይ አፈር ላይ ፎስፈረስን ጨምድዶ ይዞ ለተክል የሚከለክለው ያው ብረትና አሉሚኒየም ነው። ብረት በጨመርን ቁጥር የጨምዳጁን ቁጥር እናበዛለን።

ታዲያ የእኔ ሣር ለምን ጠቆረ? ብረት በቅጠል ላይ ሲረጭ እጥረት በሌለበትም ሣር ላይ የጠቆረ ቀለም ለጥቂት ሳምንታት ሊያሳይ ይችላል። ዕድገት አይጨምርም፣ ሥር አያጠናክርም፤ የተቀባው ቅጠል ሲታጨድ ወይም ሲያረጅ ቀለሙም አብሮ ይሄዳል። የተቀበልኩት ምስጋና ለቀለም ቀቢነቴ የተሰጠ ነበር።

ስለ ብረት መድኃኒትነት ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ግን ተገቢ ቦታውን ላመልክት። በስምጥ ሸለቆና በአፋር ቆላ ኖራማ የሆኑ፣ ፒኤቻቸው ከ7.5 በላይ የሚሄድ አፈሮች አሉ። በዚያ ላይ ባይካርቦኔት የበዛበት የጉድጓድ ውኃ ሲጠጣ ሣሩ በእውነት ብረት ሊራብ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ቦታ በሊትር የሚቆጠር ውኃ የሚበትነው የቅጠል ርጭት ይረዳል፤ ለ100 ካሬ ሜትር ከ60 እስከ 120 ግራም ፌረስ ሰልፌት በ10 ወይም በ20 ሊትር ውኃ በጥብጦ፣ ፀሐይ ሳይበረታ መርጨት የተለመደ መጠን ነው። በአፈር በኩል ለመስጠት የሚፈልግ ሰው ቺሌት የተባለውን፣ ብረቱ በሌላ ውህድ ታቅፎ የተዘጋጀውን መምረጥ ይኖርበታል። ቺሌቶችም እኩል አይደሉም፤ ኢዲቲኤ የሚባለው ከፒኤች 6.5 በላይ ብረቱን ይለቃል፣ ዲቲፒኤ እስከ 7.5 ይዘልቃል፣ ለኖራማ አፈር የሚታመነው ኢዲዲኤችኤ ነው።

እንግዲህ የገረጣ ሣር ያየ ሰው ብረትን ከናይትሮጅን በምን ይለያል? ቅጠሉ ራሱ ይናገራል። ናይትሮጅን በተክል ውስጥ ተንቀሳቃሽ ስለሆነ ሲጎድል ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ነጥቆ ለለጋው ይሰጣል፤ ስለዚህ ቢጫነት ከታች ይጀምራል። ብረት ግን አንድ ጊዜ ከተቀመጠበት አይነቃነቅም፤ እጥረቱ በለጋው ቅጠል ላይ ይታያል፣ ያውም ጅማቶቹ አረንጓዴ እንደሆኑ በመካከላቸው ያለው ብቻ ገርጥቶ፣ በሣር ላይ ደግሞ ቁመቱን የተከተለ ዥንጉርጉር መስመር ሆኖ። ለጋው ቅጠል ያለ መስመር ወጥ ሆኖ ከገረጣ ሰልፈር ይጠረጠራል።

ዐይን ሊሳሳት ስለሚችል ሣሩን መጠየቅ ይቻላል። አንድ አንድ ካሬ ሜትር ሦስት ቦታ ለኩ። በአንዱ ላይ የብረት ብጥብጥ፣ በሁለተኛው ላይ ከመቶ አንድ እጅ ዩሪያ ያለው ውኃ፣ በሦስተኛው ላይ ንጹሕ ውኃ ርጩና ከአሥር ቀን በኋላ፣ ከዚያም ከወር በኋላ ተመልከቱ። እኔ ይህን ያደረግሁት ዘግይቼ ነው። በወሩ መጨረሻ ከውኃው ቦታ ተለይቶ የቆየው የዩሪያው ብቻ ነበር። የአፈሩን ፒኤች ስለካም ወደ 5 የተጠጋ ሆኖ አገኘሁት። ኋላ እንደተረዳሁት ግቢው ሲሠራ የላይኛው አፈር ተገፍቶ ወደ አጥር ተጠርጓል፤ ሰርዶው የተተከለው ለምነት በሌለው፣ በመኪና በተጠቀጠቀ የታች አፈር ላይ ነበር። ከአጥር ውጪ ያለው ሣር የለመለመበት ምሥጢርም ይኸው ነው።

የአመዱ ነገር አሁን ግልጽ ይሆናል። የእንጨት አመድ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም አለው፤ እንደ ግብርና ኖራ አሲድን ያበርዳል። እጣቢው ደግሞ ናይትሮጅንና እርጥበት ጨምሯል። ለምለምነቱን ለአመዱ ብቻ አልሰጥም፤ የሁለቱ ድምር ነው። መሬቱን በመቆፈሪያ አላልተን፣ ፍግና ኮምፖስት ደባልቀን፣ አመድ በስሱ ነሰነስን። በሚቀጥለው ክረምት ሣሩ ያለ ርጭት ለመለመ። በስሱ ማለቴን ልብ በሉ፤ ኖራም ሆነ አመድ ከልክ ሲያልፍ ፒኤች ይንርና ቀድሞ ያልነበረውን የብረት እጥረት በገዛ እጃችን እንፈጥራለን።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ ነገ በየወረዳው የግብርና ባለሙያ ትሆናላችሁ። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከአርባ በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ ይገመታል። ማሽላው ወይም በቆሎው የገረጣበት ገበሬ ይመጣና ምን ልግዛ ብሎ ይጠይቃችኋል። በሱቁ መደርደሪያ ላይ በጥቂት ቀን ቅጠል የሚያጠቁር ጠርሙስ አይጠፋም፤ ገበሬውም ቅጠሉ ሲጠቁር ያመሰግናችኋል። ምርቱ የሚቆጠረው ግን በመኸር ነው። በዚያን ጊዜ ገንዘቡ ወጥቷል፣ የዘር ወቅቱም አልፏል።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፤ ጠርሙሱን ከማንሣታችሁ በፊት አካፋ አንሡ። አፈሩን ቆፍራችሁ እዩ፣ ፒኤቹን ለኩ፣ ከታችና ከላይ ያለውን ቅጠል አነጻጽሩ፣ በትንሽ ቦታ ሞክሩ። በቦታው የኖረውንም ሰው ጠይቁ። እኔ በመጽሐፍ ያጣሁትን መልስ ከማድ ቤት ኋላ ያሳዩኝ አመድ የሚደፉ እናት ነበሩ።