የኮምፒውተሩ ሰማይ ጓዳ

ከእኛ አይውጣና አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፀሐይ ያሞቀው መሬት ከላዩ ያለውን አየር እንዴት እንደሚያናውጥ የሚያሳዩት ያማሩ የኮምፒውተር ምስሎች፣ ጓዳ ውስጥ ብዙ ተሰናድቶላቸው ነው የሚቀርቡት።

ነውጡን የምንቀሰቅሰው እኛው ነን። መሬቱ በሁሉም ቦታ እኩል ከሞቀ፣ በስሌቱ ውስጥ አንዱ የአየር ክፍል ከሌላው ቀድሞ የሚነሳበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ከታች ባለው ሙቀት ላይ ጥቃቅን የዘፈቀደ ቁጥሮች እንበትናለን። ነውጡ መልክ እስኪይዝ ድረስ የተገኘው ውጤት ይጣላል። የስሌቱ ሰማይ በጎን ግድግዳ የለውም፤ በምሥራቅ የወጣው አየር በምዕራብ ይገባል። ሞገድ ከጣሪያው ነጥሮ እንዳይመለስ ደግሞ ከሥሩ የሚያደክመው ንብርብር እናኖራለን።

ስሌቱ አየሩን በሳጥኖች ፍርግርግ ይከፋፍለዋል፤ ከፍርግርጉ ዓይን ያነሰውን አዙሪት ኮምፒውተሩ አያየውም። በዚያ አዙሪት ፈንታ የሚገባው ስሌት ብዙ ጊዜ ጆሴፍ ስማጎሪንስኪ እ.ኤ.አ. በ1963 ካቀረበው ቀመር የተወለደ ነው። በቀመሩ ውስጥ ያለውን ቋሚ ቁጥር ዳግላስ ሊሊ በንድፈ ሐሳብ 0.17 ገደማ አደረገው። በኮሎራዶ ቦልደር ይሠራ የነበረው ጄምስ ዲርዶርፍ ግን እ.ኤ.አ. በ1970 በሁለት ግድግዳዎች መካከል የሚያልፍ ፍሰትን በ6,720 ሳጥኖች ሲያሰላ 0.10 ተጠቀመ። «ቋሚ» የተባለው ቁጥር እንደ ፍሰቱ ይስተካከላል ማለት ነው።

ታዲያ ማታለል ነው? አይደለም። ዊሊስ የተባለ ተመራማሪና ዲርዶርፍ ከታች በሚሞቅ የውሃ ገንዳ የለኩት ነውጥ ከስሌቱ ጋር ተቀራርቧል። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ የአራት የስሌት ኮዶች ንጽጽርም ኮዶቹ በዋና ዋና ውጤቶች እንደተስማሙ አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በሞቃት ቀን አብዛኛውን ሙቀት የሚሸከሙት ከመሬት በላይ የሚናወጠውን የአየር ንብርብር ውፍረት ያህል፣ አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚረዝሙ አዙሪቶች ናቸው፤ እነሱን ፍርግርጉ በደንብ ያያቸዋል።

ችግሩ ያለው በሁለቱ ጫፎች ነው። መሬት አጠገብ አዙሪቶቹ ከሳጥኑ ያንሳሉ። ከላይ፣ ሞቃቱ አየር ወደ ታች በሚሳብበት ቀጭን ጠርዝ ደግሞ የንብርብሩ የማደግ ፍጥነት ይወሰናል። በሁለቱም ቦታ መልሱ ከፊዚክሱ ይልቅ ወደ ቀመሩ ያደላል።

ስለዚህ ምስሉን ሲያሳዩዋችሁ፣ «ፍርግርጉን ብታጠብቡት የላይኛው ጠርዝ ይለወጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። የፍርግርጉን ዓይን በየአቅጣጫው በግማሽ ማጥበብ ሳጥኖቹን 8 እጥፍ ያበዛል፤ የጊዜው እርምጃም ስለሚያጥር ሥራው 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። መልሱ ከዘገየ፣ አልሞከሩትም ማለት ሊሆን ይችላል።