ድመት ለምን ትጫወታለች? በቤት ውስጥ ባለ ዕቃስ እንዴት እናጫውታት?

ምርት ተሰብስቦ ጎተራ በገባ ማግሥት ያልተጠራ እንግዳ ሆኖ የሚመጣው አይጥ ነው። ከሚበላው እህል በተጨማሪ በሽንቱና በዓይነ ምድሩ የሚበክለው፣ ጆንያ ቀዶ የሚያፈስሰው ሁሉ የአርሶ አደሩ ኪሳራ ነው። በከተማም ቢሆን ከእህል መጋዘን እስከ መኖሪያ ቤት ጓዳ ድረስ የአይጥ ነገር የዕለት ተዕለት ስጋት ነው። በገጠርም በከተማም ድመት የምትፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁንና የድመት ጨዋታ በብዙዎች ዘንድ የልጆች መዝናኛ ወይም ሥራ የፈታ ሰው ተግባር ተደርጎ ይታያል። ለድመት ግን ጨዋታ የአደን ልምምድ ነው። ለልምምዱ የሚያስፈልጉት ነገሮች ያለ ወጪ በየቤቱ ይገኛሉ፤ ለድመቷ የሚጠቅመውን ሕይወቷን ከሚያሳጣው ለይቶ ማወቅ ግን የባለቤቱ ኃላፊነት ነው።

ጨዋታው የአደን ልምምድ የሆነበት ምክንያት

የቤት ድመት የዘር ግንዷ የሚመዘዘው ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው። ይህ የዱር ድመት ዛሬም በሀገራችን ይገኛል። ሰው እህል አምርቶ ማከማቸት ሲጀምር አይጥ ወደ እህሉ፣ ድመት ደግሞ ወደ አይጡ ቀረቡ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ይፋ የተደረገ ግኝት እንደሚያሳየው፣ በቆጵሮስ ደሴት ከ9 ሺህ 500 ዓመታት ገደማ በፊት አንድ ሰውና አንዲት ድመት ጎን ለጎን ተቀብረዋል። የሰውና የድመት ወዳጅነት ከጎተራ ሥር የተጀመረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ድመት ስታድን ቅደም ተከተል አላት። በመጀመሪያ ዓይኗን ተክላ ታደባለች፤ ቀጥላ ሆዷን ከመሬት አጣብቃ ትጠጋለች፤ ከዚያም ዘልላ በጥፍሯ ትይዛለች፤ በመጨረሻም ትነክሳለች። ግልገሏ በኳስ ወይም በወረቀት ስትጫወት የምትደጋግመው ይህንኑ ነው። እናት ድመትም ግማሽ ሕይወት ያለው አይጥ ወደ ልጆቿ የምታመጣው እንዲለማመዱበት ነው። ጥጋብም ይህን ጠባይ ፈጽሞ አያጠፋውም፤ «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም።

ጆሮዋም ለዚሁ ሥራ የተፈጠረ ነው። ሰው የሚሰማው በሰከንድ እስከ 20 ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ሲሆን፣ ድመት ግን ከ60 ሺህ በላይ የሚርገበገበውን፣ ለእኛ ፈጽሞ የማይሰማንን የአይጥ ጩኸት ትሰማለች። የወረቀት ኮሽታ ከእንቅልፏ የሚያነቃት በገለባ ውስጥ የሚሄድ አይጥ ስለሚመስላት ነው።

ድመት በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት ልትተኛ ትችላለች። በይበልጥ የምትነቃቃው ግን ሲነጋጋና ሲመሻሽ ነው። በከተማ በር ተዘግቶባት የምትውል ድመት በሌሊት ቤት የምታተራምሰው፣ ሶፋ የምትቧጭረውና በሚያልፍ ሰው እግር ላይ የምትዘልለው ብዙውን ጊዜ ያላወጣችው የአደን ጉልበት ስላለ ነው።

በቤት የሚገኙ መጫወቻዎች

የዶሮ ላባ፦ በቀጭን ዘንግ ጫፍ አጥብቆ ማሰር ነው። ዘዴው በአንቀሳቃሹ እጅ ላይ ይወሰናል። አይጥ ወደ ድመት አይሮጥም፤ ከእርሷ ይሸሻል። ላባውም ከድመቷ እየራቀ፣ እየቆመ፣ ከበርጩማ ኋላ እየተደበቀና ብቅ እያለ ሊንቀሳቀስ ይገባል። ወደ ፊቷ መወርወር ግን ያስፈራታል እንጂ አያጫውታትም።

የካልሲ ኳስ፦ ልጆች በየሰፈሩ የሚሠሩት ኳስ ለድመትም ያገለግላል። ከድመቷ አፍ የሚበልጥና በቁራጭ ጨርቅ በደንብ የተጠቀጠቀ ከሆነ በፊት እግሮቿ አቅፋ በኋላ እግሮቿ ትደበድበዋለች። ይህም ትልቅ አይጥ ስትይዝ የምታደርገው ነው። የተጨማደደ ንጹሕ ወረቀትና የበቆሎ ቆረቆንዳም ለማንከባለል ያገለግላሉ፤ ቆረቆንዳውን መቆርጠም ከጀመረች ግን ሊነሣ ይገባል።

ካርቶን፦ በሁለት ጎኑ ድመቷን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሲከፈትለት ማድቢያም መሸሸጊያም ይሆናል። እንግዳ ሲበዛ ወይም ልጆች ሲያስቸግሯት የምትገባበት ጥግ ያላት ድመት ጥፍሯን ለመምዘዝ አትቸኩልም። የብረት ማያያዣና የማሸጊያ ፕላስተር ካለው አስቀድሞ ማንሣት ያስፈልጋል።

የላስቲክ ጠርሙስ፦ ክዳኑና የአንገቱ ቀለበት ወልቆ፣ ጎኑ በጥቂት ቦታ ተበስቶ፣ ጨውና በርበሬ ያልነካው ደረቅ የሥጋ ፍርፋሪ ይጨመርበታል። ድመቷ እያንከባለለች ምግቧን ታወጣለች። የቀዳዳው ጠርዝ ስለት እንዳይኖረው በእጅ መፈተሽ አለበት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የገባበት ወጥ ለድመት መርዛማ ስለሆነ ለዚህም ሆነ ለሌላ ጊዜ አይሰጣትም።

መቧጠጫ እንጨት፦ የማይነቃነቅ፣ ድመቷ ተንጠራርታ የምትደርስበት ቁመት ያለው ግንድ በቃጫ ገመድ በጥብቅ ተጠምጥሞ ይቆማል። ድመት የምትቧጥጠው አሮጌውን የጥፍር ሽፋን ለማራገፍና ጠረኗን ለመተው በመሆኑ፣ መምታት ልማዷን አያስተዋትም። የራሷ ቦታ ሲኖራት ግን የቤት ዕቃውን ትተወዋለች።

ጨዋታው በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ቢሆን በቂ ነው። መጨረሻ ላይ «ግዳዩን» እንድትይዝ መተው፣ ቀጥሎም ምግቧን መስጠት ይገባል። ማታ እንዲህ የተደረገላት ድመት በልታ፣ ራሷን ልሳ ትተኛለች። ዕቃዎቹን እየቀያየሩ መደበቅና መልሶ ማውጣትም እንዳይሰለቿት ያደርጋል።

ጨዋታ ድመትን ያሰንፋል ወይ?

የአርሶ አደሩ ተገቢ ጥያቄ ይህ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 የታተመ፣ በእንግሊዝ የተካሄደ ጥናት ባለቤቶቻቸው በየቀኑ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያጫወቷቸው ድመቶች ወደ ቤት ይዘው የሚመጡት ታዳኝ እንስሳ በ25 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ስለዚህ የአካባቢ እንስሳት እንዳይጎዱ ለሚሻ የከተማ ነዋሪ ጨዋታው ሁለት ጥቅም አለው። ጎተራ ለሚያስጠብቅ አርሶ አደር ደግሞ ጨዋታው በይበልጥ የሚያስፈልገው ለግልገሏ ነው። ያደገችውና በጎተራው ሥራ ያላት ድመት ልምምዱን ከራሱ ከአይጡ ታገኘዋለች።

ይህ ማለት ግን ድመትን አስርቦ ማሠራት ይሻላል ማለት አይደለም። የተራበች ድመት ምግብ ፍለጋ ከቤት ትርቃለች፤ ጎተራውም ያለ ጠባቂ ይቀራል።

ሕይወት የሚያሳጡ ስህተቶች

የመጀመሪያው ክር ነው። የድመት ምላስ ወደ ኋላ በተጋደሙ እሾህ መሰል ነገሮች የተሸፈነ በመሆኑ አንዴ አፏ የገባን ክር ለመትፋት ትቸገራለች። የተዋጠ ክር አንጀትን ሰብስቦ ሊቆርጠው ይችላል። የልብስ ስፌት ክርና መርፌ፣ የሹራብ ክር፣ ሪባን፣ ላስቲክና ፌስታል ድመት ከምትደርስበት ቦታ መነሣት አለባቸው፤ የላባው ዘንግም ከጨዋታ በኋላ ይቀመጣል። ክር ከአፏ ወይም ከፊንጢጣዋ ተንጠልጥሎ ከታየ ፈጽሞ መጎተት አይገባም። ደጋግማ ካስመለሳት ወይም መብላት ካቆመች በአፋጣኝ ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ መውሰድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው እጅን መጫወቻ ማድረግ ነው። በጣት የለመደች ግልገል ስታድግ የሕፃናትን እጅ ትነክሳለች። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ስለሚተላለፍ ንክሻና ቡጭሪያ ቀላል ጉዳት አይደለም። ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ሳይዘገዩም ወደ ጤና ተቋም መሄድ ሕይወትን ያተርፋል። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ ፈውስ የለውምና። ድመቷንም ማስከተብ ይገባል።

ሦስተኛው የአይጥ መርዝ ነው። መርዝ የበላ አይጥ እየደከመ ሲሄድ ለድመት ቀላል ግዳይ ይሆናል፤ አይጡን የበላችው ድመትም ልትሞት ትችላለች። ድመት ባለበት ቤት መርዝ ማጥመድ የቤቱን ዘብ በገዛ እጅ መግደል ሊሆን ስለሚችል፣ ወጥመድ መጠቀምና የጎተራውን ቀዳዳ መድፈን ይመረጣል። መርዝ የሚያስቀምጥ ጎረቤት ካለም ተነጋግሮ ጊዜውን ማወቅ፣ በዚያ ሰሞን ድመቷን በቤት ማዋል ተገቢ ነው። የላባው ዘንግና የካልሲ ኳሱ በይበልጥ የሚያስፈልጉትም እንዲህ ባለው ወቅት ነው።