የገጠር ኪነት ቡድን በከበሮና በማሲንቆ ብቻ አይቆምም

በአገራችን የመድረክ ሥራ በማኅበር ተደራጅቶ መመራት ከጀመረ ረጅም ጊዜ ሆኖታል። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢጣሊያ ወረራ በተቃረበበት ወቅት ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ለመቀስቀስ ነበር። የገበሬ ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 31/1967 መሠረት ከተደራጁ በኋላ ደግሞ የኪነት ቡድኖች በየቀበሌውና በየአውራጃው ተስፋፉ። ይሁን እንጂ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በየቀበሌው ከነበሩት ብዙዎቹ ተበተኑ። ከበላይ በሚመጣ ትእዛዝ የቆመ ቡድን ትእዛዙ ሲቀር አብሮ ይቀራልና ነው።

በመሆኑም ቡድን ለማቋቋም የሚያስብ መሪ አስቀድሞ ሊያጤነው የሚገባው የአባላቱን ጉልበት ነው። ማሲንቆ መቺው ራሱ ገበሬ ነው። ልምምዱ በእርሻና በአረም ወቅት ከሆነ ማሳው ይጎዳል፤ ቤተሰቡ ያማርራል፤ እሱም ውሎ አድሮ ቡድኑን ይተዋል። ስለዚህ ቡድኑ ለጉዞ በሚወጣበት ቀን የቀሩት አባላት ማሳውን በወንፈል እንዲሠሩለት ጠቅላላ ጉባኤው አስቀድሞ መወሰን አለበት። የሴቶች ልምምድም ሳይመሽ የሚያልቅ ቢሆን ወላጆች ልጆቻቸውን ለመላክ አያመነቱም።

ለትርዒት የሚመቸው ጊዜ እህል ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ያለው ነው። በክርስቲያኑ አካባቢ ሁዳዴ ሲገባ ዘፈን ስለሚቆም የቀረው ትርዒት ከፋሲካ በኋላ ይውላል። ሙስሊሙ በሚበዛበት አካባቢ ደግሞ የረመዳን ጾም በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ወደ ፊት ስለሚቀድም ቀኑን ከሽማግሌዎች ጋር ተማክሮ መቁረጥ ይበጃል።

መድረክ ለመሥራት የግድ ሳንቃ መግዛት አያስፈልግም። በእበት የተለቀለቀ አውድማ ደልዳላና ጠንካራ በመሆኑ ለእስክስታ ይመቻል። ተጫዋቾቹ ነፋሱን ከጀርባቸው አድርገው ቢቆሙ ድምፃቸው ወደ ተመልካቹ ይሄዳል። ትርዒቱ ከቀትር በኋላ ተጀምሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቢያበቃ የፋኖስ ወጪ ይቀራል፤ ከሩቅ የመጣውም ሳይጨልምበት ቤቱ ይገባል።

የከበሮና የማሲንቆ ቆዳ እርጥበት ሲነካው ይላላል። መሣሪያዎቹ ደረቅ ቦታ እንዲቀመጡ አንድ ሰው ፈርሞ ቢረከባቸው የጠፋው ይታወቃል፤ የተበላሸውም በጊዜው ይጠገናል።

ድራማ ሲዘጋጅ የመንደሩን ችግር ማሳየት ተገቢ ነው። ነገር ግን የሰው ስም ከተጠራ ወይም ማንነቱ ከታወቀ ትምህርቱ ቀርቶ ጠብ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ቡድንን የሚያፈርሰው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ገቢው በጥሬ ገንዘብም ሆነ በእህል ቢሰበሰብ ደረሰኝ ይቆረጥለት። ከዚያም ለመሣሪያ ጥገና፣ ለተጫዋቾቹ አበልና ለመጠባበቂያ ተብሎ ይከፈል። ሒሳቡን ገንዘብ ያዡ ያልሆነ ሌላ ሰው መርምሮ በሚቀጥለው ስብሰባ ለአባላቱ ያንብብ። ሒሳቡን በጆሮው የሰማ አባል በሚቀጥለው ዓመት ሲጠየቅ መዋጮውን አይነፍግም።

እንግዲህ የማኅበር መሪዎች አዲስ ከበሮ ከመግዛታቸው በፊት የወንፈሉን ተራ፣ የትርዒቱን ቀንና የሒሳቡን መዝገብ ቢያዘጋጁ ቡድናቸው የማንንም ትእዛዝ ሳይጠብቅ ሊሠራ ይችላል።