ጥቅጠቃና ጥግግት፤ በጉድጓድ የሚከማች መኖ የሚለካባቸው ቃላት

ሰኮሩ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በቆሎ የሚመረትባት ወረዳ ናት። በእንዲህ ያለ አካባቢ እርጥብ የበቆሎ አገዳ ተከትፎ፣ በጉድጓድ ተረግጦና በላስቲክ ታፍኖ ለበጋ የሚቀመጠው መኖ ሳይሌጅ ይባላል። ቃሉ ባዕድ ቢሆንም ስለ ተለመደ በእርሱ ላይ አንከራከርም። እኛን ያሳሰበን መኖው ምን ያህል እንደ ተጠቀጠቀ የሚገልጸው ስያሜ ነው።

በውጭ ቋንቋ የተጻፉ መመሪያዎች በአንድ ሜትር ኩብ ቢያንስ 240 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ ቁስ እንዲኖር ይመክራሉ። ደረቅ ቁስ ማለት ከመኖው ውሃው በሙሉ ቢወጣ የሚቀረው ነው። ተርጓሚው ይህንን «የደረቅ መኖ ጥግግት» ያለው እንደ ሆነ ሐሳቡ ይገለበጣል፤ ለአማርኛ ተናጋሪ «ደረቅ መኖ» ድርቆሽ ወይም ጭድ ነውና። ምክሩን የሰማ ገበሬ አገዳውን በፀሐይ አድርቆ ይቀብራል። የደረቀ አገዳ ደግሞ ቢረግጡት ተመልሶ ይነሣል፤ አየር ይይዛል፤ ይሻግታል።

«ደረቅ ቁስ» የሚለው ተትቶ «240 ኪሎ ጥግግት» ብቻ ቢጻፍስ? ስሕተቱ ስውር ይሆናል እንጂ አይቀልም። ውስጡ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ወደ ክምሩ 40 ሴንቲ ሜትር ቢገባ 785 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል ናሙና ይወጣል። ናሙናው በእርጥቡ 393 ግራም ቢመዝን በሜትር ኩብ 500 ኪሎ ማለት ነው። ለኪው ከ240 እጥፍ በላይ አገኘሁ ብሎ ጉድጓዱን ያስከድናል። ነገር ግን ከመኖው ደረቅ ቁስ የሆነው 30 ከመቶ ብቻ ከሆነ እውነተኛው ልክ 150 ኪሎ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣ ጥናት፣ 180 ቀን በቆየ ሳይሌጅ ላይ ልኩ 160 ኪሎ ሲሆን ከደረቅ ቁሱ 20 ከመቶ ያህሉ፣ 350 ኪሎ ሲሆን ግን 10 ከመቶ ያህሉ እንደሚባክን ታይቷል።

አሁን ወደ ቃላቱ እንመለስ። «ጥግግት» በትምህርት መጻሕፍትና ስለ ሕዝብ አሰፋፈር በሚጻፉ ጽሑፎች የተደላደለ ነው፤ ሆኖም መቀራረብን እንጂ መጫንን አያመለክትም። «ጥቅጥቅ» ለደን ይስማማል፤ ደንን ግን ማንም አልረገጠውም። ሥራውን የሚናገረው ግሡ ራሱ ነው፤ ባላገሩ «ጆንያውን ጠቅጥቀህ ሙላው» ይላል። (የፊት «ጠቃጠቆ» ከሌላው የግሡ ትርጉም፣ ከመውጋት ጋር ይዛመዳል፤ ለጉዳያችን አያሻም።) ከ«መረመረ» «ምርመራ» እንደ ወጣ ሁሉ ከ«ጠቀጠቀ» «ጥቅጠቃ» ይወጣል። ስለዚህ ድርጊቱን «ጥቅጠቃ»፣ በመለኪያ የሚገኘውን ልክ «ጥግግት» ማለትን እንመርጣለን። «እፍግታ»ም ቀርቦልን ነበር፤ «ታፈገ» የሰውን መጨናነቅ ስለሚያስታውስ አልተቀበልነውም።

«ጥግግት» ግን ብቻውን አይቁም። «የእርጥብ ክብደት ጥግግት» ወይም «የደረቅ ቁስ ጥግግት» ተብሎ በየቦታው ይጻፍ፤ መደጋገሙ ጆሮ ቢያሰለችም አይታለፍ። ሰኮሩን በመሰለ ስፍራ በአማርኛ የተጻፈውን መመሪያ የግብርና ሠራተኛው አንብቦ ለገበሬው የሚያስረዳው በኦሮምኛ ነው። ስለሆነም ስያሜው መጀመሪያ ሲጠቀስ «ውሃው ቢወጣ የሚቀረው» የሚል ፍቺ አብሮት ይግባ። ይህ ሐረግ ቃል ሳይዋስ ወደ ኦሮምኛም ይሻገራል።