አልማዙን ከመምረጥ በፊት እጇን ማየት

ድሮ አንድ ወጣት ሽማግሌ ላከ ሲባል የሚጠየቀው «የማን ልጅ ናት?» ተብሎ ነበር። ዛሬ በዚህ ጥያቄ ላይ ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል፤ ይኸውም «ቀለበቱ ምን ዓይነት ነው?» የሚል ነው። በዚህ በአገና እንኳ ሳይቀር፣ ለመስቀል በዓል ከአዲስ አበባ የሚመጡ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የአልማዝ ቀለበት ሥዕል በስልካቸው እየገለጡ ሲከራከሩ መስማት የተለመደ ሆኗል። አንደኛው «ክቡን የመሰለ የለም» ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ «ዘመናዊው ባለ አራት ማዕዘኑ ነው» ይላል። ክርክሩ ለጨዋታ ያህል ቢሆን ኖሮ ባልከፋ ነበር። ነገር ግን ሥራ ከያዘ ሁለት ዓመት ያልሞላው ወጣት የዕቁቡን ገንዘብ አንሥቶ፣ በዚያም ላይ ተበድሮ፣ ስለማያውቀው ድንጋይ የሚከፍልበት ጉዳይ ነውና ጠለቅ ብሎ መመርመር ይገባል።

በመጀመሪያ ልማዱ ከወዴት እንደ መጣ እንመልከት። ቀለበት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን በሥርዓተ ተክሊል ሙሽሮቹ ቀለበት ያደርጋሉ። አልማዝ ያለበት የእጮኛ ቀለበት ግን ሌላ ታሪክ አለው። በአውሮፓ በ1477 የኦስትሪያው መስፍን ማክሲሚልያን ለቡርጎኝዋ ማርያም እንዲህ ያለ ቀለበት እንደ ሰጠ ይነገራል። ይሁን እንጂ ለብዙ ዘመን የነገሥታትና የመኳንንት ጌጥ ብቻ ሆኖ ቆየ። ወደ ተራው ሕዝብ የወረደው በደቡብ አፍሪካ ብዙ አልማዝ ከተገኘ በኋላ ነው። በ1888 የተቋቋመው ደ ቢርስ የተባለው ኩባንያ የአልማዙን ንግድ በእጁ አደረገ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1947 «አልማዝ ለዘላለም ነው» የሚል የማስታወቂያ ቃል አሰማ፤ ኋላም በ1980ዎቹ «ለቀለበት የሁለት ወር ደመወዝ ማውጣት ይገባል» እያለ አሜሪካውያንን መከረ። እንግዲህ ብዙ ወጣቶች እንደ ሕግ የሚቈጥሩት ነገር የአንድ ነጋዴ ምክር መሆኑን ማወቅ ይበጃል። ነጋዴ ዕቃውን ማመስገኑ ነውር የለበትም፤ ደመወዛችንን የምንቈጥረው ግን እኛው ነን።

ቅርጽ ሌላ፣ ጠረባ ሌላ

ሰዎች «የአልማዝ ጠረባ» ሲሉ ሁለት ነገሮችን ያደባልቃሉ። አንደኛው ቅርጹ ነው፤ ክብ፣ ሞላላ፣ ባለ አራት ማዕዘን ወይም የእንባ ጠብታ የሚመስል ሊሆን ይችላል። ሁለተኛውና የሚበልጠው የጠረባው ጥራት ነው። አልማዝ የሚያበራው በራሱ ብርሃን አይደለም። ከላይ የገባው ብርሃን በታችኛው ወገን ባሉት ገጾች እየነጠረ ተመልሶ በላይ በኩል ሲወጣ ነው ዓይን የሚማርከው። ድንጋዩ ከልክ በላይ ጠልቆ ወይም ሰልሎ ከተጠረበ ብርሃኑ በጐንና በታች ይሾልካል፤ ድንጋዩም የፈዘዘ ይመስላል። ይህን በሒሳብ የመረመረው ማርሴል ቶልኮቭስኪ የተባለ ወጣት መሐንዲስ ነበር። በ1919 ባሳተመው ጥናቱ የላይኛው ወገን ወደ 34.5 ዲግሪ፣ የታችኛው ወገን ደግሞ ወደ 40.75 ዲግሪ ቢያዘነብል ብርሃኑና የቀለሙ ብልጭታ በደንብ እንደሚመጣጠኑ አሳየ። ዛሬ በየሱቁ የሚታየው ባለ 57 ወይም ባለ 58 ገጽ ክብ አልማዝ ብሪልያንት ይባላል፤ መሠረቱም ይኸው ሒሳብ ነው።

የቅርጾቹ ጠባይ በአጭሩ እንደሚከተለው ነው።

ክቡ ከሁሉ ይልቅ ያብረቀርቃል፤ ጥቃቅን እንከንንም ይሸፍናል። ነገር ግን ሲጠረብ ብዙውን ጊዜ ከጥሬው ድንጋይ ከግማሽ በላይ ስለሚባክን ዋጋው ይከብዳል። ሞላላው በእኩል ክብደት ከክቡ ሰፋ ብሎ ይታያል፤ ጣትንም ያረዝማል። ሆኖም በመካከሉ ጥቁር ጥላ የሚታይበት ስላለ ሳያገላብጡ መግዛት አይገባም። ፕሪንሰስ የሚባለው ባለ አራት ማዕዘኑ ያማረ ነው፤ አራቱ ሹል ጫፎቹ ግን ለመሸረፍ ቅርብ ናቸው። የመረግድ ጠረባ የሚባለው ረዘም ያለው ቅርጽ እንደ ደረጃ የተደረደሩ ሰፋፊ ገጾች አሉት። ብልጭታው ረጋ ያለ፣ መልኩም ጭምት ነው፤ ነገር ግን እንደ መስታወት ስለሆነ በውስጡ ያለ እንከን ሁሉ ይታይበታል። ማርኪዝ የሚባለውም ሁለት ሹል ጫፎቹን በወርቅ ካልተሸፈነ አያስተማምንም።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። «አልማዝ አይሰበርም» የሚል ብዙ ሰው አለ። አልማዝ አይጫርም ማለት እውነት ነው፤ በጥንካሬ መለኪያ 10 የተሰጠው እርሱ ነው። መጫርና መሰበር ግን ለየቅል ናቸው። አልማዝ የሚሰነጠቅበት የተፈጥሮ መሥመር ስላለው፣ በሹል ጫፉ በኩል በኃይል ከተመታ ይሸረፋል።

እጁ ምን ይሠራል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ቀለበት በሣጥን የሚቀመጥ ዕቃ ሳይሆን በሚሠራ እጅ ላይ የሚውል ጌጥ ነው። በአገናና በአካባቢዋ እናቶቻችንና እኅቶቻችን እንሰት ይፍቃሉ፤ ቃጫ ይለያሉ፤ ቆጮ ይከትፋሉ። ድንጋዩን ከፍ አድርገው ቆንጥጠው በሚይዙ ረጃጅም የወርቅ ጥፍሮች ላይ የተቀመጠ አልማዝ በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ቃጫው ሲጠመጠምበት ማሰብ አያዳግትም። ጥፍሩ ይጐብጣል፤ አንድ ቀን ድንጋዩ ሳይታወቅ ይወድቃል። እጮኛዪቱ ነርስ ብትሆን ደግሞ ከፍ ያለው ቀለበት የእጅ ጓንቷን ይቀድባታል። ስለዚህ ለሚሠራ እጅ የሚስማማው ዝቅ ብሎ የተቀመጠ፣ ዙሪያው በወርቅ ከንፈር የተከበበ፣ ጫፉ ሹል ያልሆነ ክብ ወይም ሞላላ ድንጋይ ነው። ወርቁም ቢሆን 21 ካራት የሚባለው 87.5 ከመቶ ንጹሕ ወርቅ ስለሆነ መልኩ ደመቅ ይላል፤ 75 ከመቶ ወርቅ ያለበት 18 ካራት ግን ጠንከር ስለሚል ድንጋይን አጥብቆ ለመያዝ ይሻላል።

«የአገራችን ዕንቍ እያለ ለምን አልማዝ?» የሚል ወጣትም አለ፤ ሐሳቡ የሚያስመሰግን ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2008 በወሎ፣ በደላንታ ወረዳ በወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል ዛሬ በዓለም ገበያ የታወቀ ሆኗል። ኦፓል እንደ አልማዝ በብዙ ገጽ አይጠረብም፤ የውስጡ የቀለም ጨዋታ እንዲታይ አናቱን እንደ ጕልላት አሞልሙለው ይሠሩታል። ጠባዩን ግን ማወቅ ይገባል። ጥንካሬው ከ5 እስከ 6.5 ስለሆነ የአቧራ አሸዋ እንኳ ይጭረዋል። ደግሞም የወገል ጤናው ኦፓል ብዙውን ጊዜ ፈሳሽ ይመጥጣል፤ ውኃ ሲነካው ቀለሙ ለጊዜው ይጠፋል፤ ዘይትና ቅባት ሲገባበት ሊበላሽ ይችላል። ይህን ቀለበት አድርጎ ክትፎ በቅቤ ማሸት ምን እንደሚያስከትል የጕራጌ ልጅ አይነገረውም። እንግዲህ ኦፓልን በአንገት ሐብል ወይም በጕትቻ ማድረግ፣ በቀለበት ከሆነም ለበዓል ቀን ብቻ ማውጣት ብልኅነት ነው።

ዋጋን በሚመለከት ሁለት ነገሮችን ልጨምር። አንደኛ፣ የዕንቍ ካራት የክብደት መለኪያ ነው፤ 1 ካራት 0.2 ግራም ነው። ድፍን 1 ካራት ሲሞላ ዋጋው ከፍ ብሎ ይዘላል፤ ነገር ግን የ1 ካራት ክብ አልማዝ ስፋቱ ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር፣ የ0.90 ካራቱ ወደ 6.2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ልዩነቱን በጣት ላይ የሚያይ ሰው ጥቂት ነው። ጥሩ ጠረባ ያለው ትንሽ አልማዝ ፈዛዛውን ትልቅ አልማዝ ያስንቃል። ሁለተኛ፣ ዛሬ በፋብሪካ የሚሠራ እውነተኛ አልማዝ አለ። ከምድር ከሚወጣው ጋራ በዓይን አይለይም፤ ዋጋው ግን በብዙ ያነሰ ነው። ጥፋቱ እርሱን መግዛት ሳይሆን በምድር አልማዝ ዋጋ መግዛት ነው። ስለዚህ ከታወቀ መርማሪ ተቋም የተሰጠ ወረቀት ሳያዩ ገንዘብ መቍጠር አይገባም።

ከሁሉ በላይ ግን ቀለበቱን የምታደርገው እርሷ ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን የቃቄ ውርድወት የሴት ልጅ ቃል በጋብቻዋ ላይ እንዲሰማ በጕራጌ ሸንጎ ፊት ቆማ ተከራክራለች። ሴት ልጅ በጋብቻዋ ላይ ቃል ካላት፣ በጣቷ ላይ ስለሚውለው ቀለበት እንዴት ሳትጠየቅ ትቀራለች? «በድንገት ላስደስታት» የሚሉ ወጣቶች አሉ፤ ደስታው ለአንድ ቀን ነው፤ ቀለበቱ ግን ለዘመን ነው። አብረው ሱቅ ይሂዱ፤ ጣቷን ያስለኩ፤ ድንጋዩን ከሱቁ መብራት አውጥተው በፀሐይ ብርሃን ያገላብጡት። ምናልባትም «ድንጋዩ ይቅር፤ ወርቁ ብቻ ይበቃኛል፤ የቀረው ለቤታችን ይሁን» ትል ይሆናል። እንዲህ ያለችውን እጮኛ ያገኘ ወጣት አልማዙን ቀድሞ አግኝቷልና ሽማግሌዎቹን ያመስግን።