«ጨጓራ» ስለሚባለው ሕመም፤ በእንጅባራና በዳንግላ ለሚደረግ ጥናት መንደርደሪያ

በአዊ ዞን፥ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፥ ወደ ጤና ጣቢያ የመጣ ሰው «ምንዎን ያምዎታል?» ተብሎ ሲጠየቅ «ጨጓራዬን» ብሎ መመለሱ የተለመደ ነው። መልሱ አንድ ይመስላል እንጂ አንድ አይደለም። አንዱ ደረቱን የሚያቃጥለውን ቃር፥ ሌላው ጥቂት ጎርሶ የሚጠግብበትንና ሆዱን የሚነፋውን ሕመም፥ ሦስተኛው ደግሞ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰውን ቁስለት በዚሁ በአንድ ቃል ይጠራዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሕመሞች ለይቶ መጠየቅ የማንኛውም ጥናት የመጀመሪያ ሥራ መሆኑን ለማስረዳት ነው። ቃሉ ሳይለይ የተሰበሰበ ቁጥር ምንም ያህል ቢበዛ የሚያስተምረን ጥቂት ነውና።

በመጀመሪያ ቃርን እንመልከት። ጨጓራ ምግብን ለመፍጨት ብርቱ አሲድ ያመነጫል፤ የራሱም ግድግዳ ይህን አሲድ የሚችልበት መከላከያ አለው። የምግብ ቧንቧ ግን ይህ መከላከያ የለውም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ጡንቻ ተሠርቷል። ይህ ጡንቻ ያለጊዜው ሲላላ አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ሰውየውም ከደረቱ አጥንት በስተኋላ ያቃጥለዋል፥ ጎምዛዛ ውሃም ወደ አፉ ይመጣበታል። ሆድ በጣም ሲሞላና ሰው እንደበላ ሲጋደም ነገሩ ይብሳል። እንግዲህ በጾም ቀን እህል ሳይቀምስ ውሎ፥ ማታ አብዝቶ በልቶ ወዲያው የሚተኛ ሰው ቃር ቢይዘው የሚያስደንቅ አይደለም። እራት ከተበላ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ያህል ሳይተኙ መቆየትና የአልጋውን ራስጌ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ብዙውን ሰው ይረዳዋል፤ ለዚህም በአልጋው እግሮች ሥር ሁለት ጠርብ እንጨት ማስገባት ይበቃል።

ሁለተኛው ቁስለት ነው። ቀድሞ የቁስለት ምክንያት ጭንቀትና ቅመም የበዛበት ምግብ ነው ይባል ነበር። ነገር ግን በ1982 (እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር) ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ ሁለት የአውስትራልያ ሐኪሞች ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ከጨጓራ ወስደው ለማራባት ቻሉ። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው እንደተቆጣ አሳየ፤ ሁለቱም በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። አስፕሪንና ዲክሎፌናክን የመሳሰሉ የሕመም ማስታገሻዎችም ቁስለት እንደሚያመጡ ታውቋል።

በአገራችን ደግሞ በ2006 በወጣ አንድ ጥናት፥ በጎንደር የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በጨጓራ ሕመም ምክንያት ከተመረመሩ 215 ሰዎች መካከል በ184ቱ ደም ውስጥ የዚህ ባክቴሪያ ፀረ አካል ተገኝቷል። ይህ ቁጥር በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል። ባክቴሪያው ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ በዕድሜያቸው ሙሉ ቁስለት አይዛቸውም፤ ፀረ አካሉም ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላ በደም ውስጥ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ባክቴሪያው በሰፊው በተሠራጨበት አገር «ምርመራው አዎን አለ» ማለት «የሕመሙ ምክንያት ተገኘ» ማለት አይደለም።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የአሠራር መታወክ ነው። ሐኪሙ በኤንዶስኮፒ፥ ማለት በጉሮሮ በሚገባ የመመልከቻ ቱቦ፥ ጨጓራውን ሲያይ ቁስልም እብጠትም አያገኝም፤ ሕመምተኛው ግን ይታመማል። ምክንያቱ ምንድን ነው? በአንዳንዱ ሰው የጨጓራው የላይኛው ክፍል ምግብ ለመቀበል እንደሚገባው አይላላም፤ በሌላው ነርቮቹ ከመጠን ያለፈ ስሜት አላቸው፤ በጭንቀት ጊዜም ሕመሙ ሊጠነክር ይችላል። የአእምሮና የጨጓራ ግንኙነት ዛሬ የተገኘ ነገር አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ቦሞንት በጥይት ቆስሎ ጨጓራው በቀዳዳ ይታይ የነበረውን ሰው ለዓመታት ተመልክቶ በ1833 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ቁጣ የጨጓራን ሥራ እንደሚያውክ ገልጿል።

በ2016 የወጣው የሮማ መመዘኛ አራት ምልክቶችን ይቆጥራል፤ እነዚህም ከምግብ በኋላ የሚያስጨንቅ ጥጋብ፥ ቶሎ መጥገብ፥ ከእምብርት በላይ የሚሰማ ሕመምና በዚያው ስፍራ የሚሰማ ማቃጠል ናቸው። ቢያንስ አንዱ ላለፉት ሦስት ወራት የቆየ፥ ከስድስት ወር በፊትም የጀመረ ሲሆን፥ በምርመራም የሚያስረዳው ጉዳት ሲታጣ፥ ሕመሙ የአሠራር መታወክ ይባላል። ስለዚህ «ምንም አልተገኘብዎትም» የሚለው ቃል «አላመመዎትም» ተብሎ መተርጎም የለበትም። እንዲህ ተብሎ የተመለሰ ሰው ከመድኃኒት ቤት ወደ መድኃኒት ቤት እየዞረ ገንዘቡን ይጨርሳል።

እንግዲህ በእንጅባራና በዳንግላ ጥናት ሊያደርግ የሚያስብ ጓደኛችን ሦስት ነገሮችን ልብ ይበል።

አንደኛ፤ ጥያቄው በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአዊኛም ይዘጋጅ። «ጨጓራዎን ያምዎታል?» ከማለት ይልቅ ሕመሙ ያለበትን ስፍራ በጣት ማስጠቆም፥ ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ፥ ያቃጥላል ወይስ ይነፋል ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ሁለተኛ፤ መድኃኒት ሲፈተን ማነጻጸሪያ ይኑር። በአሠራር መታወክ ከሚሠቃዩ ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል መድኃኒትነት የሌለው እንክብል ተሰጥቶትም ይሻለዋል። ስለዚህ «ተልባ ጠጥቼ ዳንሁ» የሚሉ ሠላሳ ሰዎችን መቁጠር ተልባ መድኃኒት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ አለመሆኑንም አያስረዳም። እውነቱን የሚገልጠው ሌላ መጠጥ ከተሰጣቸው ተመሳሳይ ሰዎች ጋር ማስተያየት ነው።

ሦስተኛ፤ ጥናቱ ሕመምተኛውን አይጉዳ። ደም ያስመለሰው፥ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፥ ያለ ምክንያት የከሳ፥ ምግብ አልዋጥልህ ያለው ወይም ትውከት የማያቋርጥበት ሰው የመጠይቅ ወረቀት የሚሞላበት ጊዜ የለውም፤ በቶሎ ኤንዶስኮፒ ወዳለበት ሆስፒታል መላክ አለበት። ቃር መስሎ የጀመረ ነገር ካንሰር ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለና።

ሕዝቡ «ጨጓራ» ማለቱ ስሕተት አይደለም፤ የተሰማውን በሚያውቀው ቃል ተናግሯል። ከዚያ ቃል በስተኋላ ያለውን ለይቶ ማወቅ የሕመምተኛው ሳይሆን የእኛ የተማሪዎቹ ሥራ ነው።