የቀድሞ ዘመን የኮምፒውተር ጨዋታ ለቆቦ ቤተ ሰብ

በራያ ቆላ ማሽላው ከታጨደ በኋላ ልጆች በአገዳ ቤት ሠርተው፥ ገል ለቅመው፥ ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ያላየ ሰው አይገኝም። አንዲቱ እናት ትኾናለች፤ አንዱ ከገበያ የሚመለስ አባት ይኾናል፤ ትንሹ ልጅ ደግሞ ሳይወድ በግድ እንግዳ ተብሎ ከደጅ ይቆማል። ጨዋታው እስኪፈርስ ድረስ ኹሉም የያዘውን ሰው ጠባይ ጠብቆ ይናገራል። እናት የኾነችው ልጅ ስትቈጣ ወላጅ እናቷን ቁርጥ ትመስላለች፤ በዚህም ምክንያት ትልልቆች በሩቅ ኾነው እየሰሙ ይስቃሉ፥ አንዳንዴም ያፍራሉ።

በፈረንጆች አቈጣጠር በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ኹለት አሜሪካውያን ይህንኑ ለትልልቆች የሚስማማ አድርገው፥ ሕግና ደንብ ሰጥተው፥ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በሚል ስም አሳተሙት። ተጫዋቾች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንዱ ጦረኛ፥ አንዱ አስማተኛ፥ አንዱ ሌባ ይኾናሉ፤ ውጊያው በዳይስ ይወሰናል። በሚቀጥለው ዓመት በአሜሪካ ዩኒቨርስቲዎች የሚማሩ ወጣቶች ይህንን ጨዋታ ወደ ኮምፒውተር አገቡት። ዛሬ «አር ፒ ጂ» እየተባለ የሚጠራው የጨዋታ ዓይነት ኹሉ ከዚያ የተወለደ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለቆቦና ለአካባቢው ቤተ ሰቦች ልናስተዋውቅ የፈለግነው ግን አዲሶቹን ሳይኾን ሃያና ሠላሳ ዓመት፥ ከዚያም በላይ ያለፋቸውን ነው።

አዲስ ነገር ሞልቶ ሳለ አሮጌውን ማመስገን ስለ ምን አስፈለገ የሚል አንባቢ ይኖራል። ምክንያቱ ከቤታችን ኑሮ የሚነሣ ነው። የዛሬዎቹ ትልልቅ ጨዋታዎች ዋጋው የከበደ ኮምፒውተር ይሻሉ፤ ብዙዎቹም ኢንተርኔት ካልተገኘ ከነጭራሹ አይከፈቱም። በሞባይል የሚገኙትም ቢኾኑ በነጻ ይሰጡና ልጁ ከለመዳቸው በኋላ ለሰይፉም ለልብሱም ጥቂት በጥቂት ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ወላጅም የካርድ ገንዘብ ወዴት እንደሚገባ ሳያውቅ ወሩ ያልቃል። በሌላ በኩል በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ራያ ቆቦ በገባ ጊዜ መብራትና ስልክ ለወራት ተቋርጠው እንደ ነበር፥ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ እንደ ቆየ አንባቢ አይዘነጋውም። በእነዚያ ወራት በቤት የተቀመጠ ወጣት የሚያደርገው አጥቶ መዋሉ ትንሽ ነገር አልነበረም። አሮጌው ጨዋታ ግን አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ደጋግሞም ገንዘብ አይለምንም፤ ሌላው ሰው ጥሎት በወጣ ደካማ ላፕቶፕ ላይ ሳይቀር ይሠራል።

ከኹሉ አስቀድመን የምንመርጠው «ኡልቲማ አራተኛ» የተባለውን ነው። ይህ ጨዋታ በ1985 በፈረንጆች አቈጣጠር በሪቻርድ ጋሪየት የተሠራ ሲኾን ከሌሎች የሚለይበት ነገር አለው፤ ይኸውም በመጨረሻው የሚገደል ክፉ ንጉሥ ወይም ዘንዶ የሌለበት መኾኑ ነው። የተጫዋቹ ሥራ ስምንት ምግባሮችን በራሱ ላይ ማሳደግ ነው፤ እነርሱም እውነተኛነት፥ ርኅራኄ፥ ጀግንነት፥ ፍትሕ፥ መሥዋዕትነት፥ ክብር፥ መንፈሳዊነትና ትሕትና ናቸው። ገና ሲጀመር አንዲት ጠንቋይ ተጫዋቹን አስቸጋሪ ጥያቄ ትጠይቀዋለች፤ ለምሳሌ እውነት መናገር ወዳጅን የሚጐዳ ቢኾን የትኛውን ትመርጣለህ የሚል ዓይነት ነው። የመረጠው መልስ ምን ዓይነት ሰው ኾኖ እንደሚጀምር ይወስንለታል።

ከዚያ በኋላ ማንም ሳይነግረው ይመዘናል። በከተማው ውስጥ ዕፅ የምትሸጥ ዐይነ ስውር ሴት አለች፤ ገንዘቡን የሚቈጥረው ገዢው ራሱ ነው። ዐሥር ብር የሚገባውን ዕቃ በአንድ ብር ወስዶ ቢሄድ ሴቲቱ አታውቅም፥ ዘብም አይይዘውም፤ ነገር ግን ጨዋታው በስውር መዝግቦ ይይዝበታል፤ ከብዙ ሰዓት በኋላም የእውነተኛነትን ማዕርግ ለመቀበል ሲመጣ ይከለክለዋል። ለማኝ አይቶ ያለፈ፥ ሐኪም ዘንድ ደም ለመስጠት እንቢ ያለ፥ የሸሸውን እንስሳ አሳድዶ የገደለ ኹሉ እንዲሁ ነው። እኛ እንደሚመስለን ከዚህ በኋላ ከተሠሩት ጨዋታዎች መካከል ይህን ነገር እንደ እርሱ አድርጎ የያዘው እጅግ ጥቂት ነው። ሥዕሉ ግን በእውነቱ አስቀያሚ ነው፤ ሰው የሚመስለው ነገር ከጣት ጥፍር አይበልጥም። ልጁ በመጀመሪያው ቀን ቢስቅ አይፈረድበትም።

ኹለተኛው በ1997 የወጣው «ፎልአውት» ነው። ይህን በተለይ ለቆቦ ሰው የምንመክርበት ምክንያት ነገሩ ኹሉ ስለ ውኃ በመኾኑ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። በኑክሌር ጦርነት ዓለም ጠፍቶ የተረፉት ሰዎች ከምድር በታች በተሠራ መጠለያ ይኖራሉ፤ ውኃውን የሚያጣራው መሣሪያ ተበላሸና አንድ ሰው ምትኩን ፈልጎ እንዲያመጣ በ150 ቀን ቀጠሮ ወደ በረሓው ይላካል። ቀኑ በእርግጥ ይቈጠራል፤ ያለፈበት ሰው ወገኖቹን በጥም ይገድላል። በመንገዱ የውኃ ነጋዴዎች ያሉበት ከተማ ያገኛል፤ ለእነርሱ ከፍሎ ውኃ ወደ መጠለያው ቢያስልክ ቀጠሮው ይራዘምለታል።

ከባዱ ፈተና ግን የሚፈለገው ዕቃ በተገኘበት ስፍራ ይጠብቀዋል። በዚያ የሚኖሩት ምስኪኖች ውኃ የሚጠጡት በዚያው ዕቃ ነው። ነቅሎ መሄድ ይችላል፤ የሚከለክለውም ሰው ላይኖር ይችላል። ወይም አስቀድሞ ደክሞ የተሰበረውን የውኃ መሳቢያቸውን ጠግኖላቸው ከዚያ በኋላ ይወስዳል። ከሆርማትና ከጎሊና የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን ሲያጠጣ የኖረ፥ በውኃ አባት ፊት ስለ ተራ የተከራከረ ገበሬ ይህ ጥያቄ ተረት አይመስለውም። አባትና ልጅ ስለዚህ ነገር ማታ ቢጫወቱ ልጁ ከአባቱ የሚሰማው ብዙ ነው፤ አባቱም ከልጁ ምርጫ የሚያውቀው ነገር አይጠፋም። ኾኖም «ፎልአውት» ደም መፋሰስና ነውር ያለበት ስለ ኾነ ለትንንሽ ልጆች አይሰጥም፤ ዕድሜው ለዐሥራ ስምንት ለደረሰ ወጣት ይቈይ።

በ1998 የወጣው «ባልደርስ ጌት» ጓደኛ ሰብስቦ መጓዝ ለሚወድ ሰው ጥሩ ነው፤ ረዥም ነው፥ መጀመሪያውም ይከብዳል። እንግሊዝኛው ለበረታለት ተማሪ ደግሞ በ1999 የተሠራው «ፕሌንስኬፕ ቶርመንት» አለ። መሞት የማይችል፥ ስሙንም ያለፈ ሕይወቱንም የረሳ ሰው ማን እንደ ነበረና ማንን እንደ በደለ ሲመረምር የሚያሳይ ጨዋታ ነው፤ የሚዋጋበት ጊዜ ከሚያነብበት ጊዜ ያንሳል። መጽሐፍ እንቢ ያለ ልጅ በዚህ ተይዞ ሳያውቀው ወፍራም መጽሐፍ የሚያህል ሲያነብ ይገኛል። እነዚህ ኹለቱ ታድሰው ለሞባይል ስልክም ስለ ተዘጋጁ ኮምፒውተር የሌለው ቤት በአንድ ጊዜ ክፍያ ሊያገኛቸው ይችላል።

አሁን ስለ ማግኛው መንገድ ጥቂት እንናገር። በውጭ አገር ገንዘብ መክፈል ለብዙ ሰው እንደማይመች የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ከነጻዎቹ መጀመር ይሻላል። «ኡልቲማ አራተኛ» ጎግ በተባለው የጨዋታ መደብር በባለቤቶቹ ፈቃድ በነጻ ይገኛል። በ1994 የወጣው «አሬና»ና በ1996 የወጣው «ዳገርፎል» እንዲሁ አሠሪው ቤተስዳ የተባለው ኩባንያ ራሱ በነጻ ለቋቸዋል። እነዚህ በዱሮው ዶስ ይሠሩ የነበሩ ስለ ኾኑ ዶስቦክስ የተባለ ሌላ ነጻ ፕሮግራም ያስፈልጋቸዋል። መጠናቸው ትንሽ ስለ ኾነ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት በፍላሽ ማቀበል ይቻላል፤ ከማይታወቅ ስፍራ ተሰርቆ የመጣ ፍላሽ ግን ከጨዋታው ጋራ ቫይረስ ይዞ ስለሚገባ መጠንቀቅ ያሻል።

የጥንቶቹ ጨዋታዎች መንገድ የሚያመለክት ቀስት የላቸውም፤ እንደ «ኡልቲማ አራተኛ» ባሉት ደግሞ ሰው የነገረውን የሚያስታውስ የለም። ስለዚህ ደብተርና እርሳስ አጠገብ ይቀመጥ፤ የከተማው ካርታ በእጅ ይሣል፤ የማይታወቀው የእንግሊዝኛ ቃል ከነትርጕሙ ይጻፍ። ታናሽ እኅት ጸሓፊ፥ ታላቅ ወንድም ተጫዋች ኾነው ቢሠሩ ደግሞ አንዱ ኮምፒውተር ለኹለት ይበቃል፤ በየሳምንቱም ቦታ ይለዋወጡ እንጂ ጸሓፊነቱ ለእርስዋ ብቻ አይተው። የቆላው ሙቀት ከቤት በማያስወጣበት በቀትር ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል መጫወት ይበቃል፤ ከዚያ ላፕቶፑም ስለሚግል ማረፍ አለበት።

በመጨረሻ አንድ ነገር አይረሳ። አዲሶቹ ጨዋታዎች የደረሱበትን በራሳቸው ያስቀምጣሉ፤ አሮጌዎቹ ግን ተጫዋቹ ካላዘዛቸው ብዙውን ጊዜ አያስቀምጡም። «ኡልቲማ አራተኛ»ማ በከተማ ውስጥ ሳሉ ጭራሽ አያስቀምጥም፤ ወደ ሜዳ መውጣት ግድ ነው። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ያለው ሰው መብራት ሳይሄድበት በየሩብ ሰዓቱ ወጥቶ ያስቀምጥ።